ባለ ሚዶው መካኒክ

ጋሽ ደግፌ አረፉ። ወሬውን ያመጣልኝ ልጄ ታሪኩ ነው። ሌላ ቀን ገና ከደጅ «እማ፣ የሚበላ!» እያለ የሚገባ ልጅ ያን ቀን ሚኒባሷን አቁሞ፣ ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ባለ ሚዶው ሞቱ» አለኝ።

እልጠው የነበረው ጎደሬ ከነቢላው ከእጄ ወደቀ።

አልታመሙም፣ አልተኙም። ጠዋት ሻያቸውን ጠጥተው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው በዚያው ቀሩ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ማበጠራቸውን! እንኳንም አበጠሩ አልኩ። ጸጉራቸው ተንጨባሮ ቢሄዱ ኖሮ ሰማይ ቤትም ሆነው ይናደዱ ነበር።

ከዚያ ታሪኩ ሁለተኛውን ወሬ ነገረኝ። ቀብሩ በትውልድ አገራቸው በሸዋ ቤንች በኩል ነው፤ መንገዱም ዳገት አለበት። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ደግሞ «ሌላ መኪና እንዳታመጡ፣ ሬሳው በታሪኩ መኪና ነው የሚሄደው» ብለዋል።

ልጄ ፊቱ አመድ መስሏል። «እማ፣ ብትፈላስ? እሳቸውን ይዛ፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየ፣ ዳገቱ ላይ ብትፈላስ?»

እኔ ምን ብዬ ላጽናናው? እኔ ራሴ ፈሪ ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቀኛል። መብረቅ እፈራለሁ፣ ጎርፍ እፈራለሁ፣ ስልክ በማለዳ ከጮኸ እፈራለሁ። ከሁሉ ከሁሉ ግን የምፈራው የሞተር መፍላት ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጋሽ ደግፌን ለማወቅ ይህን መስማት አለባችሁ።

የታሪኩ አባት ከሞተ በኋላ ያለን የሌለንን አሟጠን አንዲት ያገለገለች ሚኒባስ ከአዲስ አበባ ገዛን። ቀለሟ አብረቅራቂ፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ የለበሰ፣ መስተዋቷ ላይ አበባ የተንጠለጠለባት። ሚዛን አማን የገባች ዕለት የጎረቤት ሴቶች ዙሪያዋን እየዞሩ እልል አሉላት። ታሪኩ ከሚዛን ቴፒ ሰው ይጭን ጀመር። በቡና ወቅት ደግሞ ገበሬውንም ጀንፈሉንም፣ ማለት ገና ከነልብሱ የደረቀውን ቡና፣ ቴፒ አጠገብ ያለው መፈልፈያ ድረስ ያደርሳል። ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሰዎቹን ይመልሳል። ጥሩ ሥራ ነበር። ልጄ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።

የመጀመሪያው ቡና ወቅት ሳያልቅ መኪናዋ ሸኮ ዳገት ላይ ጭስ እየተፋች ቆመች። ነጭ ጭስ! ተጎትታ መጣች። አንዱ ጋራዥ ፈታት፣ ገጠማት፣ ክረምቱን በደህና ሠራች። ቡና ሲደርስ እንደገና ፈላች። ያኔ ነው ሰዎች «አማን ወፍጮ ቤቱ ጎን ባለ ሚዶው አለ፣ ለምን እሱ ጋ አትወስዷትም?» ያሉን።

ጋሽ ደግፌን ያየሁት ያኔ ነው። አጭር ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሁለት ሰው ነው። ጸጉራቸው ጎፈሬ፣ ግማሹ ሽበት፣ እንደ ዘውድ ክብ ሆኖ የተስተካከለ። ቱታቸው በዘይት ጠቁሮ ቆዳ መስሏል፤ ጸጉራቸው ላይ ግን አንዲት ጉድፍ አታገኙም። የቀንድ ሚዶ ከኋላ ኪሳቸው አይጠፋም። ሞተር ውስጥ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ነክረው ይቆዩና ቀና ሲሉ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ መጀመሪያ ጸጉራቸውን ያበጥራሉ፤ ከዚያ ነው የሚናገሩት። ሾፌሮቹ «ጋሼ ካበጠሩ በኋላ የሚሉት ነው እውነቱ» ይላሉ።

እብሪታቸው ደግሞ! «ከጅማ ወዲህ እንደኔ ያለ እጅ ካለ አምጡልኝና ልሳመው!» ይላሉ። ትልቅ ሰው በራሱ እንዲህ ሲመካ ሰምቼ አላውቅም። ግን ሲመኩ ያስቃሉ እንጂ አያስጠሉም።

ያን ቀን የዘይቱን መክደኛ ከፈቱና ጣታቸውን ነክረው አሳዩኝ። ዘይት ጥቁር ይሆናል ስል ወተት የተቀላቀለበት አረፋ ወጣ።

«የታሪኩ እናት፣ ማኪያቶ ትጠጫለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ያስቀልድዎታል እንዴ!»

«ካልቀለድኩ ላልቅስልሽ? ዘይቱና ውሃው ተገናኝተዋል። ጓርኒሲዮኑ ነው የተቃጠለው።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፣ ጓርኒሲዮን ምን እንደሆነ ከየት ልወቅ። እሳቸው በሴት ቋንቋ አስረዱኝ። «ዳቦ ስትጋግሪ ሊጡና ብረቱ እንዳይገናኙ ኮባ ታነጥፊ የለ? ሞተርም ራስ አለው፣ ገላ አለው። መሃላቸው የሚነጠፈው ኮባ ጓርኒሲዮን ይባላል። እሱ ከተቃጠለ ውሃው በዘይቱ፣ እሳቱ በውሃው ይገባል። ያኔ ሞተር አለኝ አትበይ።»

ሠሯት። የሞተሩ ራስ ሙቀቱ አጣሞት ስለነበር ፊቱ እንዲስተካከል ጅማ ድረስ ተልኮ መጣ። ወጪውን አልናገርም፤ ያለቀስኩት ይበቃል። ሠርተው ሲጨርሱ ታሪኩ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ሜዳ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። ዳገት ነው ምስክሩ።»

የእሳቸው ደንብ ይህ ነው። ሞተር የከፈቱለትን መኪና ሳይሳፈሩበት አይለቁም። ጋራዡን ይዘጋሉ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልለው ብብታቸው ስር ይይዛሉ፣ ጋቢና ገብተው ይቀመጣሉ። ዳገቱ ጫፍ ሲደረስ ያስቆማሉ፣ ወርደው እንደ ታመመ ሕፃን የመኪናዋን ግንባር በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞረው «እልል በሏ! ዳገት ለወጣ እልልታ ይገባዋል!» ብለው ይጮሃሉ። ሴቱ እያፈረ እልል ይላል። ከዚያ «እኔ የዳገት መካኒክ ነኝ፤ ለቁልቁለቱ ፍሬን ሠሪ ፈልጉ!» ብለው የመጣውን መኪና ለምነው ይመለሳሉ።

ያን ጊዜም እልል ተባለ። ክረምት አለፈ። ቡና ደረሰ። እንደገና ተቃጠለች!

ኧረ ምን ልበላችሁ! ጎረቤት ሁሉ አፉን ከፈተ። አንዷ «መኪናዋ ገፊ ናት፣ ባልሽንም የበላችው እሷ ናት» አለችኝ፤ ባሌ የሞተው መኪናዋ ሳትገዛ መሆኑን ረስታ። እኔም ብሆን ጠበል አምጥቼ ሞተሯ ላይ ስረጭ ጋሽ ደግፌ ደረሱብኝ። «ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሪው እንጂ፣ ውሃ ነው የጎደላት!» ብለው አሳቁብኝ። ግን ሳቃቸው እንደ ድሮው አልነበረም። ሞተሯ ልባቸው ውስጥ ገብታለች። አንዴ «የገበያው ዕቃ አስመስለው የሠሩት ነው» ይላሉ። አንዴ «ልጅሽ ይጋልባታል፣ ፈረስ መሰለችው እንዴ?» ይላሉ። ታሪኩ ደግሞ ይከፋዋል። «እኔ አልጋልብም ጋሼ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ።

አንድ ማለዳ ቤት ስጠርግ ከታሪኩ በር ኋላ፣ ምስማሩ ላይ፣ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው፣ ላስቲክ ያለው። አዲስ። እኛ አገር ይህን ባትሪ ማን እንደሚገዛ ሁሉም ያውቃል። ዲማ ወርቅ ሊቆፍር የሚሄድ ነው የሚገዛው። ከጎረቤታችን አንዷ ልጇ እዚያ ጉድጓድ ተደርምሶበት ቀርቷል፤ እስካሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

አልዋሸኝም። «እማ፣ እስከ መቼ ጓርኒሲዮን ስቀይር እኖራለሁ? ደግማ ከተቃጠለች ለቁራጭ ብረት ሸጬ ዲማ እገባለሁ።»

«እና እኔስ?»

«እልክልሻለሁ።»

«እኔ የሚላክ ነገር አልፈልግም! አንተን ነው የምፈልገው!»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ አንዴ ከቆረጠ የሚመልሰው የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው መጀመሪያ የማየው ያን ባትሪ ሆነ። ተንጠልጥሎ ካየሁት እተነፍሳለሁ።

ጋሽ ደግፌ ያን ጊዜ ሞተሯን ዳግም ከፍተው አዲስ ጓርኒሲዮን እየገጠሙ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ጋራዡ ድረስ ሄድኩ። ሾፌሮች ቆመው ያያሉ። አላፈርኩም፤ ፈሪ ሰው አንዴ ከጨከነ አይቻልም።

«ጋሼ!» አልኳቸው። «ኮባው በተቃጠለ ቁጥር ኮባ እየቀየርን ዳቦውን መቼ ልንበላው ነው? እሳቱን ለምን አያዩትም?»

አንዱ ሾፌር ከኋላ «ጋሼ፣ ተነኩ!» አለ።

ጋሽ ደግፌ ቀና አሉ። እጃቸውን ጠረጉ። ሚዶውን አወጡ። ቀስ ብለው አበጠሩ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ ኋላውን። እኔ ይቆጡኛል ብዬ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

«እሷ ልክ ናት» አሉ ለሾፌሮቹ። «እኔ እዚህ ራስ አክማለሁ፣ ትኩሳቱ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቅኩም። ደግፌ እዚህ ላይ በግ ሆኗል!» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ነገ መኪናዋ የምትሄድበት ሁሉ አብሬ እሄዳለሁ። ቴፒም፣ መፈልፈያም። አንቺም ትሄጃለሽ።»

«እኔ? እኔ መኪና እፈራለሁ!»

«ለዚህ ነው የምፈልግሽ። የሚፈራ ዓይን አይተኛም።»

በማግስቱ ጋቢና ገባሁ፤ ታሪኩ መሪው ላይ፣ እኔ መሃል፣ ጋሽ ደግፌ በበሩ በኩል። ከመሪው ኋላ የሞተሩን ሙቀት የምትናገር አንዲት ትንሽ መርፌ አሳዩኝ። «ማንበብ አያስፈልግሽም። ግማሽ ላይ ከቆመች ልጅሽ ጤነኛ ነው። ከግማሽ ከወጣች ጩኺ። ሥራሽ ይሄ ብቻ ነው።» እኔ ያቺን መርፌ እንዳየኋት ሙሽራም እንዲያ ታይቶ አያውቅ! ዛፉም፣ ጫካውም፣ የሸኮ ሰው በመንገድ ዳር ሙዝ ሲሸጥም አላየሁም። እሷን ብቻ።

ቴፒ እስክንደርስ መርፌዋ ግማሽ ላይ ናት። ጋሽ ደግፌ ተመኩ። «እንዴት ነሽ! የደግፌ እጅ!»

መፈልፈያው ደጅ መኪኖች ተሰልፈዋል። የቴፒ ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። ታሪኩ እንደ ሁልጊዜው ግንቡ ጥላ ስር አስጠግቶ አቆመ፤ ጥላው ለተሳፋሪ ይሻላል ብሎ፤ ሁሉም ሾፌር እዚያው ነው የሚያቆመው። ሞተሩን አላጠፋም። ሞተሪኖው፣ ማለት ማስነሻው፣ ደካማ ነው፤ ከጠፋች ካልተገፋች አትነሳም፣ ሰልፉ ደግሞ በየጊዜው ወደፊት ይላል። ከግንቡ ላይ አንድ ወፍራም ቱቦ የቡናውን ገለፈት ወደ ውጭ ይተፋል። ገለፈቱ እንደ ብናኝ በረዶ ይወርድብናል። እኛ አብረነው የኖርነው ነገር ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? ልብሳችንን አራግፈን እንቀመጣለን። ጋሽ ደግፌም ጎደሬያቸውን እየበሉ ከሰልፈኛው ጋር ሲቀልዱ ዋሉ።

ስንመለስ ሰው ሞላን። የሸኮ ዳገት እግር ላይ ስንደርስ መርፌዋ ነቅነቅ አለችብኝ። ግማሽ... ከግማሽ ትንሽ ከፍ... ዓይኔ ነው ብዬ ጠራረግሁ። ኧረ አይደለም!

«ተነሳች!» ብዬ ጮህኩ። «ወጣች! ታሪኩ ወጣች!»

መኪናው ቆመ። ከፊቷ ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ተሳፋሪ በጀሪካን የወንዝ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ደግፌ እንደ ነብር ዘለሉበት። «ተው! የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈሳለህ? ትሰነጠቃለች! ማንም እንዳይነካት፣ ራሷ ትብረድ!»

ሰው ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ታሪኩ ግን አልተቀመጠም። ወንበሩ ስር እጁን ከተተና አንድ ነገር ወደ ጃኬቱ ሲያስገባ አየሁት። ላስቲኩ ታየኝ። ባትሪው! ለካ ከምስማሩ አውርዶ ይዞት ወጥቷል። ለካ ዛሬ ከፈላች ከመንገድ ነው የሚሄደው። «ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ። ጋሽ ደግፌ ግን ልጁን አይተውታል። ባትሪውንም አይተውታል።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እንደዚያ ተሸንፈው አይቼያቸው አላውቅም። የሚሉት ሲጠፋቸው የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ሚዶውን አወጡና ጎፈሬያቸውን ያበጥሩ ጀመር።

ከጎፈሬው ገለፈት ረገፈ። ጉልበታቸው ላይ። አራገፉት። ደግመው አበጠሩ፣ ደግሞ ረገፈ። ደግመው አበጠሩ፤ አሁንም! ያ ሁሉ ገለፈት ከአንድ ሰው ጸጉር! ሚዶውን አየር ላይ እንዳነሱ ቀሩ። ጉልበታቸውን አዩ፤ መኪናዋን አዩ፤ ጉልበታቸውን አዩ።

«እናንተ ሰዎች!» ብለው ተነሱ። «እኔ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት ይህን ያህል ከሰበሰብኩ፣ ይቺ ቀኑን ሙሉ አየር ስትስብ የዋለችው ምን ያህል ውጣለች?»

ታሪኩ «ጋሼ፣ ራዲያተሩ እኮ ከፊት ንጹሕ ነው፣ ሁሌ አጥበዋለሁ» አለ።

«የምታጥበው የአየር ማቀዝቀዣውን ነው! የማይሠራውን! ራዲያተሩ ከእሱ ኋላ ነው። እኔስ ሞተሯን ሳወርድ ራዲያተሩን አንስቼ ግድግዳ ላይ ከማስደገፍ በቀር መቼ አየሁት! ባትሪ!» እጃቸውን ወደ ታሪኩ ዘረጉ። «ባትሪ አምጣ!»

ልጄ አመነታ። ሁላችንም አየነው። ከዚያ ጃኬቱን ከፍቶ ሰጣቸው።

ጋሽ ደግፌ ያን ባትሪ ጎፈሬያቸው ላይ አሰሩት! ጎፈሬው ከላይም ከታችም ተገፍቶ ወጣ፤ ተሳፋሪው በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቀ። መሬት ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከስር ገቡ። ከዚያ የሁለት ሰው ድምፃቸው ከመኪናው ስር ፈነዳ።

«ተመርጓል! ግድግዳ ተመርጓል! ጭቃና ጭድ! ቤት ሠርተውባታል እኮ!»

በባትሪው እያበሩ አሳዩን። በማቀዝቀዣውና በራዲያተሩ መሃል የቡና ገለፈት በመንገዱ ጭቃ ተለውሶ፣ ደርቆ፣ ልክ ቤት እንደምንመርግበት ጭቃ ጥጥር ብሎ ቆሟል። ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። ለካ በየቡናው ወቅት የምትታፈነው በዚህ ነው! ክረምት ዝናቡ ከፊሉን ያጥበዋል፣ ትድናለች፤ ቡና ሲደርስ ይመረጋል፣ ትቃጠላለች። እኛ ኮባውን እንቀይራለን፣ እንቀይራለን...

ጋሽ ደግፌ ድንጋዩ ላይ ወጡ። «ስሙኝ! ይህን ሞተር ሲገድል የኖረው ደግፌ ነው! ራሷን እያከምኩ አፍንጫዋ መታፈኑን ያላየሁ! በሚዛን ተናገሩ፣ በቴፒ ተናገሩ! ይህ ልጅ አልጋለበም! ሹፌር ነው!»

ታሪኩ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከዚያ ያየሁትን ዕድሜ ልኬን አልረሳም። ጋሽ ደግፌ ያቺን የሚወዷትን የቀንድ ሚዶ፣ ማንም እንዲነካት የማይፈቅዷትን፣ ራዲያተሩ ላይ አሳረፏት። የልጅ ጸጉር እንደሚያበጥር ሰው ቀስ ብለው ከላይ ወደ ታች። ጥርሶቿ አንድ በአንድ ይሰበራሉ፤ አልቆሙም። ተሳፋሪው ሁሉ ተረባረበ፤ አንዱ በእንጨት፣ አንዱ በጣት፣ አንዱ አፉን አስጠግቶ እፍ ይላል። እኔ በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ስትበርድ ውሃ ሞሏት። ገፋናት፣ ተነሳች።

ዳገቱን ወጣን! ሸኮ ዳገትን! መርፌዋ ግማሽ ላይ፣ መጠምዘዣው ላይ ግማሽ፣ ጫፉ ላይ ግማሽ! እኔ «ግማሽ! ግማሽ!» እያልኩ ስጮህ የኋላዎቹም ተቀበሉኝ፤ መኪናው ሙሉ «ግማሽ!» እያለ ወጣ። ጫፉ ላይ ጋሽ ደግፌ ወርደው ግንባሯን ዳበሱ። «እልል በሏ!» ማለት አላስፈለጋቸውም። ጫካው እስኪያስተጋባ እልል አልን።

ባትሪውን ግን አልመለሱም። ታሪኩ ሌላ ቀን ሄዶ «ጋሼ፣ ያቺ ባትሪዬ?» አላቸው።

«የቷ ባትሪ?»

«ግንባርዎ ላይ ያሰሯት።»

«እኔ? እኔ ጸጉሬን የሚያበላሽ ነገር ግንባሬ ላይ አላስርም።»

ደጋግሞ ጠየቀ፤ ደጋግመው ካዱ። በመጨረሻ መጠየቁን ተወ። ዲማንም ተወ። ዛሬ መናኸሪያ ብትሄዱ ቴፒ የሚሠራ ሾፌር ሁሉ መኪናው ውስጥ ሚዶ አለው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው «ሾፌሮቻችሁ ምነው ጸጉራቸውን ይወዳሉ?» ይላል። መፈልፈያው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ላይ ያቆማሉ፣ ሞተር ያጠፋሉ፤ የማትነሳውን ተባብረው ይገፋሉ።

እንግዲህ የቀብሩ ቀን። ለቅሶ ቤት ስገባ ሬሳው ከጋራዡ ጎን ካለው ክፍል ነበር። ዓይኔ ጋራዡ ግድግዳ ላይ አረፈ። ከመፍቻዎቹ በላይ፣ ለብቻዋ ምስማር ተመትቶላት፣ ያቺ ባትሪ ተንጠልጥላለች። አቧራ ጠጥታለች፣ ላስቲኳ ላልቷል።

እትዬ ብርቄ አየት አድርገውኝ፣ «ይቺን አትንኪብኝ እያለ ነው የኖረ» አሉኝ። «'የሰው አደራ ነው፣ ባለቤቱ ቢመጣም እንዳትሰጪው' ይለኛል። እንዲህ ያለ አደራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አውርጄም አልወሰድኳትም፤ እዚያው ትሁን።

ሬሳውን አስገባን። እትዬ ብርቄና ዘመዶቻቸው ከሳጥኑ ጎን፣ እኔ ጋቢና፣ ታሪኩ መሪው ላይ። ከኋላችን የሾፌሮቹ መኪና ሁሉ ተሰልፏል። ልጄ ከመነሳቱ በፊት ከስር ገብቶ ራዲያተሩን ሲያበጥር ቆይቷል፤ የክት ልብሱ ጉልበቱ ላይ ጠቁሯል። ሬሳው ቢከብዳት፣ ሰው ቢበዛባት፣ ዳገቱ ቢረዝምባት... ያን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ማሰቡን ትቼ ሥራዬን ያዝኩ። መርፌዋን።

ከኋላ ያለቅሳሉ፤ እኔ አላለቀስኩም። የሚፈራ ዓይን አይተኛም ብለውኛል። መውጣት ጀመርን። ማርሹን ቀየረ፤ ሞተሯ አጉረመረመች። ግማሽ። መጠምዘዣውን ያዝን። ግማሽ። ታሪኩ ላቡ በጆሮው ይወርዳል፤ አይጠይቀኝም፣ እኔም አልናገርም፤ ትንፋሼን ብቻ ይሰማል። ግማሽ!

ጫፉ ላይ ደረስን። ልጄ ጥግ ይዞ አቆመ።

ከኋላ ያሉት መኪኖችም ቆሙ። «ምነው? ፈላች እንዴ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ታሪኩ ወርዶ ወደ ፊት ዞረና የመኪናዋን ግንባር በመዳፉ ዳበሰ። በፊት መስተዋቱ በኩል አየኝ። የሚጠብቀው ገባኝ።

በለቅሶ መኪና፣ ሬሳ ከኋላዬ ተጋድሞ፣ ጥቁር ለብሼ፣ እኔ ፈሪዋ፣ አፌን ከፍቼ እልል አልኩ።

አንዲት ሴት «አበደች!» አለች። ሁለተኛ እልል አልኩ። ያኔ ከሳጥኑ ጎን የጎረነነ፣ ሲያለቅስ ያደረ ድምፅ ተቀበለኝ። እትዬ ብርቄ ናቸው። እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጭነው እልል ይላሉ። ከዚያ ከኋላችን አንዱ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ሌላው ተቀበለ፤ ሰልፉ ሙሉ እየነፋ ዳገቱ ተናወጠ።

ታሪኩ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ገባ። መሪውን ያዘ።

«እማ፣ መርፌዋ?»

«ግማሽ ላይ ናት ልጄ» አልኩት። «ንዳ።»